በኦፕሬሽን መውለድ በዛ ወይስ አነሰ? ከአዲስ አበባ እስከ ወገዳ

«ዶክተር፣ ዘንድሮ ሁሉም በኦፕሬሽን ነው የሚወልደው፤ አልበዛም?» የሚል ጥያቄ በብዛት ይደርሰኛል። መልሱ እናትየዋ እንደምትኖርበት ቦታ ይለያያል።

በ2008 ዓ.ም (እ.ኤ.አ 2016) በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በኦፕሬሽን የተወለዱ ሕፃናት በአገር ደረጃ 2 በመቶ፣ በአዲስ አበባ ግን 21 በመቶ ገደማ ነበሩ። አማራ ክልልም ያኔ ከ2 በመቶ ብዙ አልራቀም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2015 እንዳስታወቀው፣ ቁጥሩ ወደ 10 በመቶ እስኪጠጋ የእናቶችና የሕፃናት ሞት ይቀንሳል፤ ከዚያ በላይ ሲሄድ ግን ሞት ሲቀንስ አልታየም። ስለዚህ አንዷ ሳያስፈልጋት ልትሠራ ትችላለች፤ ሌላዋ ደግሞ እያስፈለጋት ታጣለች።

ይህን ክፍተት ለማጥበብ ምን ተደረገ?

1. ክፍያ፦ በመንግሥት ጤና ተቋማት ወሊድ፣ ኦፕሬሽኑን ጨምሮ፣ ነፃ እንዲሆን ተወሰነ።
2. ባለሙያ፦ እ.ኤ.አ ከ2009 ጀምሮ ጤና መኮንኖች በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና በማስተርስ እየሰለጠኑ፣ ስፔሻሊስት በሌለበት ቦታ ኦፕሬሽን ይሠራሉ።
3. ሆስፒታል፦ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች በኦፕሬሽን እንዲያዋልዱ ተደረገ።

ይህ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ትልቅ ነገር ነው። አገሩ ገደላማ ነው። ምጥ የጠናባት እናት ከወገዳ አካባቢ ደብረ ታቦር እስክትደርስ ማህፀኗ ሊቀደድ፣ ፊስቱላ ሊደርስባት፣ ልጁም ሊታፈን ይችላል። ግን «ነፃ ነው» መባሉ ብቻውን አያድንም። አምቡላንስ፣ ደም፣ ማደንዘዣ፣ መብራት፤ አንዱ ከጎደለ መልሱ ሪፈር ነው።

እኛስ ምን እናድርግ?

✔ ገጠር ያለች ነፍሰ ጡር እህት ካለቻችሁ፣ ቀኗ ሳይደርስ ጤና ተቋም አጠገብ ወዳለው የእናቶች ማቆያ እንድትገባ ምከሯት። የትራንስፖርት ብር ቀድማችሁ ላኩ።

✔ ከዚህ በፊት በኦፕሬሽን የወለደች እናት ቀጣዩን ቤት አትውለድ! የቆየው ጠባሳ በምጥ ሊቀደድ ስለሚችል ኦፕሬሽን የሚሠራበት ሆስፒታል ትውለድ።

✔ ከተማ ያላችሁ፣ ኦፕሬሽን ሲባል «ምክንያቱ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ኦፕሬሽን በተደጋገመ ቁጥር በቀጣይ እርግዝና የእንግዴ ልጁ ጠባሳው ላይ ተጣብቆ ከባድ መድማት የማስከተል ዕድሉ ይጨምራል። ሐኪሙ «ልጁ ታፍኗል» ካለ ግን በፊርማ ጊዜ አታጥፉ፤ ደቂቃዎች ዋጋ አላቸው።

ለነፍሰ ጡር ወዳጆቻችሁ ሼር አድርጉላቸው። በሰላም ያገላግላችሁ!