ከዘይቱ በፊት ጆሮ

በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በመገናኛ ስለሚያልፍ የየካ ልጆች ባቡርን ያውቁታል። ኤሌክትሪክ ወደ እንቅስቃሴ መለወጡን ስናስተምር በባትሪ የምትሄድ የባቡር ሞዴል ብንይዝላቸው ቶሎ ይገባቸዋል። ስትንጫጫ ግን ድምፃችንን ትውጠዋለች፤ ዝም ብለን ካስሮጥናትም ሞተሯ ሊቃጠል፣ እኛም ወደ ጠመኔ ሥዕል ልንመለስ ነው። እንግዲህ ዘይት ከማፍሰሳችን በፊት ጩኸቱን እንለይ።

1ኛ/ ከሐዲዱ አንስተን በእጃችን ላይ እናስነሳት። ጩኸቱ ከጠፋ፣ ጎማውና ሐዲዱ ቆሽሿል ማለት ነው፤ በደረቅ ጨርቅ እንወልውል። ቤንዚን ፕላስቲክ ይበላል፣ እሳትም ያስነሳል፤ አንንካው።

2ኛ/ በእጃችንም ላይ ከጮኸች፣ ሞተሩን ከማርሹ አላቀን ለብቻው እናዙረው። ጸጥ ካለ ችግሩ ማርሹ ጋ ነው፤ በጥርሶቹ መሐል የተጠመጠመ ክር ወይም የተሰበረ ጥርስ እንፈልግ።

3ኛ/ ሞተሩ ብቻውን ከጮኸ፣ ብዙ ጊዜ ዘንጉ የሚዞርበት ቦታ ደርቆ ነው። በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ትበቃዋለች፤ ከበዛ ውስጥ ገብቶ የኤሌክትሪኩን መገናኛ ያቆሽሻል።

ከእንጦጦ ሥር የበጋው አቧራ ብዙ ነውና ከትምህርቱ በኋላ ባትሪዋን አውጥተን ሸፍነን እናስቀምጣት። ፍተሻውንም ተደብቀን ሳይሆን ተማሪዎቹ ፊት እናድርገው። ምክንያትን ከውጤቱ መፈለግ፣ እሱም እኮ ሳይንስ ነው!