የስሮትል ምልክት ሲሳሳት፦ በላስታ ዳገት የካምቢዮን ሕመም እንዴት እንመርምር?

ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከጋሸና ተነሥቶ ወደ ከተማዪቱ የሚያደርሰው መንገድም ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት፣ ጠመዝማዛ መንገድ ነው። በልደት በዓል ሰሞን ምእመናንና እንግዶች ከየአቅጣጫው ይጐርፉበታል። እንዲህ ባለ አገር፣ ማርሿን በራሷ የምትቀይር መኪና የመቀየሪያዋን ጊዜ ብትስት ነገሩ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የተሳፋሪውን ሕይወትና የባለንብረቱን ገንዘብ የሚነካ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ፣ በክፍል የተማርነውን የኦም ሕግ ይዘን ወደ ጋራዥ እንወርዳለን።

ሀ. የምልክቱ ሥራ

ነጂው የነዳጅ መስጫውን ፔዳል ሲረግጥ፣ በቤንዚን ሞተር የአየር ማስገቢያ ላይ ያለው ስሮትል የሚባለው ክዳን ይከፈታል። በክዳኑ ዘንግ ጫፍ የተገጠመው ሴንሰር የመከፈቱን መጠን ወደ ቮልት ይለውጣል። በብዙ መኪናዎች ይህ ሴንሰር ሦስት ሽቦ ያለው ፖቴንሺዮሜትር ነው፤ አንዱ 5 ቮልት ያመጣል፣ ሁለተኛው ኔጌቲቭ ነው፣ ሦስተኛው ምልክቱን ወደ ኮምፒዩተሩ ያደርሳል። ክዳኑ ሲዘጋ ምልክቱ 0.5 ቮልት ያህል፣ ፈጽሞ ሲከፈት 4.5 ቮልት ያህል ይሆናል። ቁጥሩ እንደ መኪናው ዐይነት ስለሚለያይ የፋብሪካውን መመሪያ ማየት ያስፈልጋል።

የካምቢዮው ኮምፒዩተር ከዚህ ምልክትና ከመኪናዪቱ ፍጥነት ተነሥቶ ሁለት ነገር ይወስናል፤ ማርሹ መቼ እንደሚቀየርና በካምቢዮው ውስጥ ያሉትን ፍሪሲዮኖች የሚጨብጠው የዘይት ግፊት ምን ያህል እንደሚሆን። ምልክቱ ከእውነተኛው በላይ ከሆነ ማርሹ ዘግይቶ፣ በኀይል እየመታ ይገባል። ከእውነተኛው በታች ከሆነ ግን ማርሹ ያለጊዜው ይቀየራል፣ ግፊቱም ያንሳል፤ ፍሪሲዮኖቹ ይንሸራተታሉ፣ በመጨረሻም ይቃጠላሉ። አነስተኛ ዋጋ ያለው ሴንሰር ውዱን ካምቢዮ የሚያጠፋው እንዲህ ነው።

ምልክቱ ፈጽሞ ቢቋረጥ ኮምፒዩተሩ ራሱ ያውቃል፤ መብራት ያበራል፣ የስሕተት ቁጥር ይመዘግባል። አስቸጋሪው እውነት የሚመስለው ሐሰት ነው። ክዳኑ በግማሽ ተከፍቶ ምልክቱ 2.5 ቮልት መሆን ሲገባው 1.3 ቮልት ቢያሳይ፣ ኮምፒዩተሩ 20 በመቶ ብቻ የተከፈተ መስሎት ያምናል፤ 1.3 ቮልት በራሱ የተፈቀደ ቁጥር ነውና።

ለ. ሕመም የሚመስለው የአገሩ ጠባይ

በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚሁ ልክ ኀይሉ ይቀንሳል፤ ነጂውም ፔዳሉን አብዝቶ ይረግጣል። ሴንሰሩ የሚለካው የክዳኑን መከፈት እንጂ የገባውን አየር አይደለም። ስለዚህ ካምቢዮው «ብዙ ተረግጧል» ብሎ በዝቅተኛ ማርሽ ላይ ይቈያል። ይህ ብልሽት አይደለም።

በቁልቁለትም ነጂው እግሩን ሲያነሣ ብዙ ካምቢዮዎች ወደ ላይኛው ማርሽ ያልፋሉ፤ ሞተሩም መኪናዪቱን መያዙን ይተዋል። ይህም ብልሽት አይደለም፤ ነጂው በእጁ ዝቅተኛ ማርሽ መርጦ ፍሬኑን ከመጋል ሊያድነው ይገባል። እነዚህን ሁለቱን ሳንለይ የሴንሰር ለውጥ ብናዝዝ ጤነኛውን ማከም ይሆንብናል።

ሐ. የምርመራው ቅደም ተከተል

1. ነጂውን እንጠይቅ፤ ሕመሙ በየትኛው ፍጥነት፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ወይስ ሲሞቅ፣ ሁልጊዜ ወይስ አልፎ አልፎ እንደሚታይ።

2. የካምቢዮውን ዘይት ልክና ሽታ እንይ። ዘይቱ ጐድሎ ወይም ተቃጥሎ ከሆነ ኤሌክትሪኩን መወንጀል ገና ነው።

3. የስሕተት ቁጥሩን እናንብብ። ፒ0121 ምልክቱ ከሌሎቹ ሴንሰሮች ጋር አለመስማማቱን፣ ፒ0122 ማነሱን፣ ፒ0123 መብዛቱን ያመለክታል። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ መሥመሩ ነው፤ «ሴንሰሩን ቀይሩ» አይልም።

4. ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉን ከፍተን፣ በሴንሰሩ ሶኬት 5 ቮልት መድረሱን እንለካ። ካልደረሰ ጥፋቱ ከሴንሰሩ ወዲያ ነው።

5. ከሴንሰሩ የኔጌቲቭ ሽቦ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ያለውን ልዩነት እንለካ። ከ0.1 ቮልት ማለፍ የለበትም።

6. ክዳኑን በዝግታ እየከፈትን ምልክቱን እንከታተል። ቮልቱ ያለማቋረጥ መውጣት አለበት። ለዚህ ሥራ ባለቀስት መለኪያ ከባለቁጥሩ ይሻላል፤ ቀስቱ ድንገት ቢወድቅ የፖቴንሺዮሜትሩ መንገድ ማለቁን ዐይን ወዲያው ያያል።

7. ሽቦውን እየነቀነቅን ደግመን እንለካ፤ በኮምፒዩተሩ ጫፍም እንዲሁ። በሴንሰሩ በኩል ትክክል ሆኖ በኮምፒዩተሩ በኩል ከተለየ ሕመሙ በሽቦው ነው። በኮረኮንች መንገድ መንቀጥቀጥና አቧራ ሶኬትን ያላላሉ።

መ. አንድ ስሌት

ሴንሰሩ 5,000 ኦም ነው እንበል፤ የኔጌቲቩ ማያያዣ ዝጎ 300 ኦም ጨመረ። ጠቅላላው 5,300 ኦም ይሆናል፤ የሚያልፈውም ኀይል 5 ቮልት ሲካፈል ለ5,300 ማለትም 0.94 ሚሊአምፔር ነው። በዛገው ማያያዣ ላይ 0.28 ቮልት ይቀራል። ክዳኑ ተዘግቶ ሳለ 0.5 መሆን የሚገባው ምልክት 0.75 ቮልት ይሆናል። ራሱን እያስተካከለ የማይሄድ ኮምፒዩተር፣ ነጂው እግሩን አንሥቶ ሳለ ገና እንደረገጠ ይቈጥረዋል። አዲስ ሴንሰር ብንገዛም ሕመሙ አይለቅም፤ ማያያዣውን መጥረግ ግን ያድናል።

ሠ. ስለ አዳዲሶቹና ስለ ናፍጣ መኪናዎች

በአዳዲስ መኪናዎች ፔዳሉና ክዳኑ በገመድ አይገናኙም፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ሁለት ሁለት ምልክት አለ፤ ኮምፒዩተሩም አንዱን በሌላው ይመረምራል። በናፍጣ መኪና ደግሞ የነጂውን ፍላጎት የሚናገረው የፔዳሉ ሴንሰር ነው። ምልክቱ ወደ ካምቢዮው ኮምፒዩተር የሚደርሰው በጋራ የመረጃ መሥመር ከሆነ በመለኪያ ብቻ ልናገኘው አንችልም፤ ማንበቢያ መሣሪያ ያስፈልጋል። የአሳቡ ሥርዐት ግን ያው ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ መለዋወጫ ከሩቅ በሚመጣበት አገር በግምት የተቀየረ ዕቃ ሁሉ የአንድ ቤተ ሰብ ገንዘብ ነው። በጋራዥ ያደጉት መካኒኮቻችን በጆሮና በእጅ የሚያውቁትን እኛ ገና አላወቅነውም፤ እኛ ደግሞ ስሌቱን ይዘናል። ለልምምድ ስንወጣ ከእነርሱ ጋር አንድ ኮፈን ሥር ቆመን ልንማርም ልናስተምርም ይገባናል። ከመቀየር በፊት መለካት ልማድ ሲሆን፣ ትምህርታችን ለላስታ መንገደኛ ጥቅም ሰጠ ማለት ነው።