የመረጃ ዝውውር ዋጋ በትይዩ ኮምፒውተር ቋንቋዎች ንድፍ ውስጥ

ለትይዩ ኮምፒውተሮች የፕሮግራም ቋንቋ የሚነድፍ ሰው ከማሽኑ ጠባይ የትኛውን ከፕሮግራም ጸሐፊው እንደሚሰውር፣ የትኛውንስ እንደሚገልጥ ከጅምሩ መወሰን አለበት። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ ሌላው ቢሰወር እንኳ በፕሮሰሰሮች መካከል የሚደረገው የመረጃ ዝውውር መሰወር የለበትም የሚል ነው።

የመጀመሪያ መግለጫው እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ሃይ ፐርፎርማንስ ፎርትራን ተቃራኒውን መንገድ ተከትሏል። ጸሐፊው የተለመደውን ፎርትራን ይጽፋል፤ አሬዮች በፕሮሰሰሮች ላይ የሚከፋፈሉበትን መንገድ በማስታወሻ መስመር ያውጃል፤ የመልእክት ልውውጡን ኮምፓይለሩ ራሱ ያዘጋጃል።

ችግሩ በአንድ ምሳሌ ይታያል። እያንዳንዳቸው 1,000,000 አባላት ያሏቸው ሀ እና ለ የተባሉ አሬዮች በ100 ፕሮሰሰሮች ላይ ተከፋፍለዋል እንበል። ከ2ኛው አባል ጀምሮ ሀ(ቀ) = ለ(ቀ-1) የሚለውን መስመር እናስፈጽም። እያንዳንዱ ፕሮሰሰር 10,000 ተከታታይ አባላትን ከያዘ፣ ከፕሮሰሰር ወደ ፕሮሰሰር የሚሻገሩት 99 እሴቶች ብቻ ናቸው። አባላቱ አንድ በአንድ በዙር ከታደሉ ግን 999,999ኙም ይሻገራሉ። መስመሩ በሁለቱም ጊዜ ያው ነው። የክፍፍሉ አዋጅ ደግሞ ብዙ ገጽ ርቆ ሊገኝ ይችላል፤ ፕሮግራሙ ለምን እንደዘገየ የሚመረምር ሰው ኮዱን በማንበብ ብቻ መልስ አያገኝም። ብዙዎች በ1994 ወደወጣው ኤምፒአይ ያዘነበሉት፣ እያንዳንዱን መልእክት በእጅ መጻፍ አድካሚ ሆኖ ሳለ፣ ወጪው ቢያንስ ስለሚታይ ይመስለኛል። ቋንቋው ከንቱ ነበር ማለት ግን አይደለም፤ በ2002 በጃፓኑ ኧርዝ ሲሙሌተር ላይ አንድ የፕላዝማ ፕሮግራም በሰከንድ 14.9 ትሪሊዮን ስሌት ያከናወነው በዚሁ ቋንቋ ተጽፎ ነው።

በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በሎውረንስ ስናይደር መሪነት የተሠራው ዜድፒኤል የተሻለ መፍትሔ አቅርቧል። በዚህ ቋንቋ ከጎረቤት አባል ማንበብ የራሱ ምልክት አለው፤ አባላትን በዘፈቀደ ማዛወርም ሌላ። ምልክት በሌለበት ዝውውር የለም። በምላሹ፣ ሥርዓት የለሽ የመረጃ አወቃቀር ያላቸው ስሌቶች በቋንቋው በቀላሉ አይገለጹም፤ ይህም ቀላል ጉድለት አይደለም።

ከዜድፒኤል ሠሪዎች አንዱ የሆነው ብራድፎርድ ቻምበርሌይን በክሬይ ኩባንያ የመራው ቻፕል ይህን ጉድለት ለማቃናት ተነሥቷል። በቻፕል ሥራው የት እንደሚፈጸም በግልጽ ይጻፋል፤ በሌላ ፕሮሰሰር ማኅደረ ትውስታ ያለን እሴት ማንበብ ግን በቅርብ ያለውን ከማንበብ በጽሕፈት አይለይም። ስለዚህ የሀ(ቀ) = ለ(ቀ-1) ዋጋ እንደገና የክፍፍሉ አዋጅ ካልታየ አይታወቅም።