ፍላሽዎን ፎርማት ከማድረግዎ በፊት

ፎቶ ኮፒ ቤት ፍላሽ ሰክተው ቢሮ ሲመለሱ፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ያገኙታል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ተስፋ ቆርጦ ፎርማት ያደርገዋል። ፋይሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ነው፤ ቫይረሱ ደብቆት በስሙ ሾርትከት አስቀምጦበት ነው። ሾርትከቱን እንዳይከፍቱት። ፎልደሩን ያሳይዎትና በዚያው ቫይረሱን ኮምፒውተርዎ ላይ ያስነሳዋል።

መጀመሪያ ፍላሹን በአንቲቫይረስ ይፈትሹት። ከዚያ የዊንዶውስን ቁልፍ ይዘው አርን ይጫኑ፤ በምትመጣው ሳጥን ሲ፣ ኤም፣ ዲ ብለው ኢንተር ሲመቱ ጥቁሩ መስኮት ይከፈታል። የአማርኛ መጻፊያዎን ያጥፉት፤ ትእዛዙ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። የፍላሽዎ ድራይቭ ፊደል ኤፍ ከሆነ ኤፍና ኮለን ጽፈው ኢንተር ይምቱ። ቀጥሎ አትሪብ (ኤ፣ ሁለት ቲ፣ አር፣ አይ፣ ቢ) ብለው በየመሃሉ ስፔስ እየሰጡ ማይነስ ኤች፣ ማይነስ አር፣ ማይነስ ኤስ፣ የኮከብ ምልክት፣ ስላሽ ኤስ፣ ስላሽ ዲ ይጻፉ። ስላሹ ከጥያቄ ምልክቱ ጋር ያለው ነው። ኢንተር።

ብዙዎች ማይነስ ኤችን ብቻ ይጽፉና «አልሠራም» ይላሉ። ኤች የመደበቂያው ምልክት ነው፤ ቫይረሱ ግን ፋይሉን የሲስተም ፋይል አስመስሎም ስለሚያስቀምጠው፣ ኤስ አብሮ ካልተነሣ ዊንዶውስ አይነካውም። ስላሽ ኤስና ስላሽ ዲ ደግሞ ሥራው በውስጥ ያሉትን ንዑስ ፎልደሮችም እንዲያዳርስ ነው። ሲስተም ቮልዩም ኢንፎርሜሽን የሚባል ፎልደር ብቅ ቢል አይደንግጡ፣ የዊንዶውስ የራሱ ነው። ፋይሎችዎን ካዩ በኋላ ሾርትከቶቹን ያጥፏቸው።

መዝገብ ቤት ለሚሠራ ሰው ደግሞ ሌላ ጠቃሚ ትእዛዝ አለ። ስካን የተደረጉ ደብዳቤዎችን ስም አንድ በአንድ መተየብ ለምን? ፎልደሩን ይክፈቱ፣ ከላይ አድራሻው ያለበትን ቦታ ነክተው ሲኤምዲ ብለው ኢንተር ይምቱ፤ ጥቁሩ መስኮት እዚያው ፎልደር ላይ ይከፈታል። ዲር፣ ስላሽ ቢ፣ የ«ይበልጣል» ምልክት፣ ከዚያ ነጥብ ቲኤክስቲ የሚል መጨረሻ ያለው የፈለጉት የፋይል ስም ጽፈው ኢንተር ይምቱ። ዝርዝሩ ተሠርቶ ይጠብቅዎታል፤ የራሱንም ስም ጨምሮ ስለሚጽፍ እሱን ይሰርዙት።

በዚሁ ጥቁር መስኮት ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በዴል (ማጥፊያ) ትእዛዝ የጠፋ ፋይል ሪሳይክል ቢን አይገባም። ቴሌግራም ላይ ያገኙትን ትእዛዝ ከመለጠፍዎ በፊት የትእዛዙን ስም፣ ስላሽና የጥያቄ ምልክት ብቻ ጽፈው ኢንተር ይምቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ምን እንደሚሠራ ይነግርዎታል።