‹‹የተሳካ ቀዶ ጥገና›› ስንል ምን ማለታችን ነው?

የጤና ዜናዎቻችን ብዙውን ጊዜ ‹‹ቀዶ ጥገናው በተሳካ ሁኔታ ተጠናቀቀ›› ብለው ያበቃሉ። እኔ ግን የጋዜጠኛው ጥያቄ እዚያ ላይ ይጀምራል እላለሁ። ተሳካ ማለት በሽተኛው ከአልጋው በሰላም ወረደ ማለት ነው ወይስ ከወር በኋላም ደህና ነው ማለት?

ለምሳሌ የካሮቲድ ቀዶ ጥገናን እንውሰድ። ካሮቲድ በአንገታችን ግራና ቀኝ ወደ አንጎል ደም የሚወስድ ቧንቧ ነው። ውስጡ በስብ ክምችት ሲጠብ ስትሮክ ሊያመጣ ስለሚችል ሐኪሙ ከፍቶ ይጠርገዋል። ችግሩ፣ ስትሮክን ለመከላከል የሚደረገው ይህ ሥራ ራሱ ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ የውጭ አገር መመሪያዎች በ30 ቀን ውስጥ የሚደርሰው ስትሮክና ሞት፣ ምልክት ባሳዩ ሕሙማን ላይ ከ6 በመቶ፣ ምልክት በሌላቸው ላይ ከ3 በመቶ እንዳይበልጥ ይላሉ። ከዚያ ካለፈ ጉዳቱ ጥቅሙን ይበላዋል።

ቁጥርም ብቻውን ያታልላል። 20 ሰው ታክሞ 1 ቢሞት 5 በመቶ ነው፤ ከ200 ሰው 10 ቢሞትም ያው 5 በመቶ። ነገር ግን በመጀመሪያው ቦታ አንድ ሰው ቢጨመር ምጣኔው ወደ 10 በመቶ ይዘላል። ስለዚህ ‹‹ስንት ሞተ?›› ብቻ ሳይሆን ‹‹ከስንት?›› ማለት ግድ ነው።

በአገራችንም መለካት ተጀምሯል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የቀዶ ጥገና ቼክሊስት አወጣ። በ2009 በታተመው የስምንት ከተሞች ጥናት፣ ቼክሊስቱ ሥራ ላይ ሲውል ሞት ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወረደ። የእኛ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም ከ2016 እስከ 2020 የሚሠራ የቀዶ ጥገና ደህንነት ዕቅድ አውጥቶ፣ የቼክሊስት አጠቃቀምን፣ የቁስል ኢንፌክሽንንና ሞትን ከመለኪያዎቹ ውስጥ አስገብቷል።

ታዲያ ለእኛ ለላስታ ሰዎች ነገሩ ለየት ይላል። ከባድ ሕመም ሲመጣ ቤተሰብ በሬ ሸጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ ወደ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ይሄዳል። ታካሚው በአምስተኛው ቀን ወጥቶ ወደ ተራራው ይመለሳል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቁስሉ መግል ቢቋጥር የሚሄደው ቅርቡ ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው። ቀዶ ጥገናውን የሠራው ሆስፒታል ደውሎ ካልጠየቀ በመዝገቡ ላይ ሰውየው ‹‹ድኖ ወጣ›› እንደተባለ ይቀራል። ሩቅ አገር ያለ ሕመምተኛ ከቁጥር ውጭ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ለቀዶ ጥገና ዜና ስንወጣ ሦስት ጥያቄ እንያዝ፦ ከስንት ታካሚ ስንቱ ተጎዳ? እስከ ስንተኛው ቀን ተከታተላችሁ? ርቆ የሄደውን በምን አገኛችሁት? ከሳሽ ሆነን ሳይሆን ጠያቂ ሆነን እንሂድ። ሐኪሙን ብቻ ካሳደድን፣ ከባድ ሕመምተኛ የሚቀበል ይጠፋል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ ሰው ሲሞት ብቻ ከመጮህ ቀድመን እንጠይቅ። በሬውን ሸጦ የሚሄድ ገበሬ የት መሄድ እንዳለበት የማወቅ መብት አለው።