ብልሽትን በጽሑፍ ስለ መግለጽ

ተማሪዎች፥ ባለፈው ትምህርት የአንድን ሥራ ቅደም ተከተል ስለሚያስረዳ ድርሰት ተመልክተናል። ዛሬ ደግሞ ብልሽት ሲደርስ ለሚያቃናው ሰው በጽሑፍ እንዴት እንደሚገለጽ እንመለከታለን።

አንድ የደብረ ብርሃን ተማሪ ስለ አንኮበር ድርሰት ለማዘጋጀት አሰበ እንበል። አያቱ ስለዚያች የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነገሩት ትዝታ ከሃያ ዓመት በፊት በኮምፒዩተር ተጽፎ በአጎቱ ዘንድ ተቀምጧል። አያቱ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ሌላ ቅጂም የለም። ተማሪው ጽሑፉን በፍላሽ አምጥቶ ለማንበብ ቢሞክር አልሆነለትም። ስለዚህ ለአንድ ባለሙያ «ፋይሉ አልከፈት አለኝ» ብሎ ጻፈ።

ዐረፍተ ነገሩ በሰዋስው በኩል እንከን የለበትም። ለባለሙያው ግን የሚነግረው ነገር የለም። «አልከፈት አለኝ» የሚለው አነጋገር ግዑዙን ነገር እንደ እንቢተኛ ሰው አድርጎ ያቀርባል፤ የተናጋሪውን ብስጭት እንጂ በዐይን የታየውን አይገልጽም። «ተከፍቶ አልተነበበም» ቢልስ? ይህም አሻሚ ነው። አሉታው የማሰሪያ አንቀጹን ብቻ ሳይሆን «ተከፍቶ» የሚለውን ቦዝ አንቀጽም ሊነካ ስለሚችል፥ አንባቢው ከነጭራሹ እንዳልተከፈተ አድርጎ ሊረዳው ይችላል። «ፋይሉ ተከፍቷል፤ ፊደሉ ግን አይነበብም» ሲባል ጥርጣሬው ይወገዳል።

አሁንም አልበቃም። በፊደሉ ቦታ የታየው ምንድን ነው? ባዶ ሳጥኖች ከሆኑ ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ ደኅና ነው፤ የጎደለው የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ስለሆነ እንደ ኒያላ ያለውን መጫን ይበቃል። የተዘበራረቁ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ከታዩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ ሥሪት ለእያንዳንዱ የግዕዝ ሆሄ የራሱን ቁጥር ሰጥቷል፤ ለምሳሌ የ«ሀ» ቁጥር 4608 ነው። ከዚያ በፊት፥ በአገራችንም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት፥ የፎንት አዘጋጆች የሆሄያቱን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሥርዓት ያስቀምጡ ነበር። በአንድ ፎንት የሚገኘው ቦታ ከ256 ስለማይበልጥ አንዳንዶቹ ፊደሉን በሁለትና ከዚያም በላይ በሆኑ ፎንቶች ከፋፍለውታል።

ተማሪው ሊጠነቀቅ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ጽሑፉን በሙሉ መርጦ ፎንቱን ይለውጥና ያስቀምጠዋል። ጽሑፉ አይቃናም፤ የቀድሞው ፎንት ስም ግን ከፋይሉ ይጠፋል፤ ከስሙም ጋር የትኛው ሆሄ ከየትኛው ፎንት እንደ ተወሰደ የሚያሳየው ምልክት ይጠፋል። ስለዚህ አስቀድሞ ፋይሉን መቅዳት፥ በፎንት መምረጫው ላይ የሚታየውን ስም እንዳለ መጻፍ፥ ዋናውንም አለመንካት ይገባል። ያ ፎንት ተገኝቶ ሲጫን ጽሑፉ ይነበባል፤ ወደ ዩኒኮድም በሚለውጥ ፕሮግራም ሊለወጥ ይችላል።

ፋይሉ ጨርሶ የማይከፈት ከሆነ መጠኑ ይታይ፤ ዜሮ ከሆነ ፋይሉ ባዶ ነው፤ ምናልባትም ቅጂው ሳያልቅ ፍላሹ ተነቅሎ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ወደ አጎት ቤት ተመልሶ እንደገና መቅዳት ነው።

መልመጃ፦ በተማሪው ስም ለባለሙያው አንድ አንቀጽ ጻፉ። ፋይሉ መቼና በምን እንደ ተጻፈ፥ በምን እንደ መጣ፥ ሲከፈት ምን እንደ ታየ፥ እስካሁን ምን እንደ ተሞከረ ግለጹ። «አለኝ» በሚለው ግሥ አትጠቀሙ።