ስለ ጀልባ ፈቃድና ስለ ማሰሪያ ስፍራ ሥርዓት

ምድር በወሰን ትከፈላለች፤ ውኃ ግን የሚሄድበት ሁሉ የጋራ መንገድ ነው። ነገር ግን በውኃ ላይ የሚሄድ ጀልባ ሲመሽ የሚታሰረው በምድር ዳርቻ ነው፤ ዳርቻውም ባለቤት አለው። የጀልባ ክርክር አብዛኛው የሚነሣው ከዚህ ነው። ጀልባው ሲሄድ የሚጣላው ሰው ጥቂት ነው፤ ሲቆም ግን ባለመሬቱ «ከዳርቻዬ ተነሣ» ይለዋል፤ ከኋላው የመጣው ባለጀልባ «ስፍራ ልቀቅልኝ» ይለዋል፤ ሹሙም «ፈቃድህን አሳይ» ይለዋል። ስለዚህ በሐይቅና በወንዝ አጠገብ ያለውን አገር የሚያስተዳድር ገዥ፣ በዳርቻው መሬት ያለው ሰው፣ ደግሞም የወረዳ ሹም ይህን ሥርዓት ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል።

ይህን ሥርዓት ለብዙ ዘመን ከሠሩበት አገሮች አንዱ የእንግሊዝ አገር ነው። እኛም መልካም ካደረጉበት ለመማር፣ ከተቸገሩበትም ለመጠንቀቅ እንድንችል የሕጋቸውን ነገር ባጭሩ እንገልጻለን። በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ የቦዮቹ ታሪክ

በእንግሊዝ አገር የመርከብ ቦይ መቆፈር የበረታው ከ18ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ በኋላ ነው። የብሪጅዎተር መስፍን የተባለው መኰንን በዎርስሊ ከነበረው የድንጋይ ከሰል ጉድጓዱ እስከ ማንቸስተር ከተማ የሚደርስ ቦይ አስቆፈረ፤ መሐንዲሱም ጄምስ ብሪንድሊ ነበረ። ቦዩ በ1761 ዓ. ም. ተከፈተ። በጋሪ ከሚመጣው ይልቅ በጀልባ የሚመጣው ከሰል ማጓጓዣው ስለ ረከሰ በከተማው ዋጋው ወደ እኩሌታ ያህል ወረደ። በዳርቻው መንገድ የሚሄድ አንድ ፈረስ በገመድ 25 ቶን ያህል ጭነት ይጎትት ስለ ነበረ ሌሎችም ባለጠጎች ይህን አይተው በየአገሩ ቦይ አስቆፈሩ፤ የገበሬውም እህልና ለእርሻ የሚሆነው ኖራ በዚሁ መንገድ ይመላለስ ጀመር።

ኋላ የምድር ባቡር መጣና የቦዩ ንግድ ቀነሰ። በ1948 ዓ. ም. አብዛኞቹ ቦዮች ወደ መንግሥት እጅ ገቡ። በ2012 ዓ. ም. ደግሞ በእንግሊዝና በዌልስ ያሉት ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት ለሚባል የበጎ አድራጎት ማኅበር ተሰጡ። ይህ ማኅበር የሚጠብቀው የውኃ መንገድ 2,000 ማይል፣ ማለት 3,200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በላዩም ከ30,000 የሚበልጡ ጀልባዎች አሉ። ዛሬ ጭነት የሚጭኑት እጅግ ጥቂት ናቸው፤ የሚበዙት ለመዝናኛና ለመኖሪያ የሚሆኑ ናቸው።

በጀልባ መኖር ግን አዲስ ነገር አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት ጭነት አመላላሹ ከነሚስቱና ከነልጆቹ በጠባብ ጀልባ ውስጥ ይኖር ነበር። ጆርጅ ስሚዝ የሚባል የኮልቪል ሰው የልጆቹን ችግርና ያለትምህርት መቅረት አይቶ ስለ ጮኸ፣ በ1877 ዓ. ም. ጀልባዎች እንደ መኖሪያ ቤት እንዲመዘገቡና በውስጣቸው የሚኖረው ሰው ቍጥር እንዲወሰን ሕግ ወጣ። ነገር ግን ሕጉን እየዞረ የሚመለከት በቂ ተቆጣጣሪ ስላልነበረ ፍሬው ትንሽ ሆነ፤ በ1884 ዓ. ም. ሌላ ሕግ ወጥቶ ተቆጣጣሪ ተሾመለት። ከዚህ የምንማረው፣ ሕግ ጽፎ የሚጠብቀውን ሰው አለመሾም ዘር ዘርቶ ጠባቂ እንደ ማጣት መሆኑን ነው።

2ኛ፤ ስለ ፈቃዱ

አሁን የሚሠራበት ዋናው ሕግ በ1995 ዓ. ም. በፓርላማ የወጣው ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ፈቃድ የሚፈልግ ሰው ሦስት ነገር ማሟላት አለበት።

መጀመሪያው ጀልባው ለሰውና ለንብረት የማያሰጋ መሆኑን የሚያረጋግጥ የምስክር ወረቀት ነው። መርማሪው የነዳጁን ጋን፣ የጋዙን ቧንቧ፣ የኤሌክትሪኩን ሽቦና ምድጃውን ይመረምራል፤ ምርመራውም በየ4 ዓመቱ ይታደሳል። በተዘጋ ጀልባ ውስጥ ምድጃ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታ የሌለው መርዘኛ አየር ሰውን በእንቅልፉ ሊገድለው ስለሚችል ይህ ምርመራ እንደ ከንቱ ድካም የሚቈጠር አይደለም።

ሁለተኛው፣ ጀልባው በሌላ ሰው ላይ ጕዳት ቢያደርስ ካሣ የሚከፈልበት የኢንሹራንስ ውል ነው።

ሦስተኛው ስለ መቆሚያው ነው። ባለጀልባው ጀልባውን በሕግ ሊያቆምበት የሚችል የዘወትር ማሰሪያ ስፍራ እንዳለው ያሳያል። ይህ ከሌለው ግን፣ ፈቃዱ በሚጸናበት ዘመን ሁሉ ጀልባውን በእውነት ለጉዞ እንደሚጠቀምበትና በአንድ ስፍራ ከ14 ቀን በላይ ሳያቋርጥ እንደማይቆም ለፈቃድ ሰጪው ማስረዳት አለበት። ይሁን እንጂ ምክንያቱ ተገቢ ሲሆን ከ14 ቀን የሚበልጥ ጊዜ ሊቆም እንደሚችል ሕጉ ራሱ ይናገራል። ሕመም፣ የሞተር ብልሽት፣ የወንዝ መሙላት፣ የቦዩ በበረዶ መርጋት ከዚህ ይቈጠራሉ።

እነዚህን አሟልቶ ሲገኝ እንደ ጀልባው ስፋትና ርዝመት ገንዘብ ከፍሎ ፈቃድ ይሰጠዋል። ከ2024 ዓ. ም. ጀምሮ የዘወትር ማሰሪያ የሌለው ሰው ከሌላው ጨመር አድርጎ እንዲከፍል ተደርጓል። የጀልባው ስምና የመዝገብ ቍጥር ከውጭ በሚታይ ስፍራ ይጻፋል፤ በዚህም ተቆጣጣሪው በዳርቻው እያለፈ የትኛው ጀልባ በየትኛው ቀን ከየት እንደ ታሰረ ሊመዘግብ ይችላል።

3ኛ፤ ስለ ማሰሪያው

ጀልባ በአጠቃላይ በመጎተቻው መንገድ በኩል ባለው ዳርቻ እስከ 14 ቀን ሊታሰር ይችላል። ሰው በሚበዛበት ስፍራ ግን ከዚህ ያነሰ ቀን ተወስኖ በሰሌዳ ይጻፋል። ጀልባ የማይታሰርባቸው ስፍራዎችም አሉ፤ እነርሱም በድልድይ ሥር፣ በመታጠፊያ፣ ጀልባ በሚዞርበት ሰፊ ስፍራ፣ ውኃ በሚቀዳበትና በውኃው ደጅ አጠገብ ነው። የውኃ ደጅ የተባለው በላይና በታች መዝጊያ ያለው ክፍል ነው፤ ውኃ ሲሞላበት ጀልባው ከፍ ይላል፤ ሲለቀቅ ዝቅ ይላል፤ በዚህም ዳገቱንና ቍልቍለቱን ያልፋል። ከደጁ አጠገብ ጀልባ ታስሮ ቢገኝ መንገዱ ሁሉ ይታገዳል።

ገመድ የእግረኛውን መንገድ አቋርጦ አይታሰርም። ሌላ ሰው በአጠገብ ሲኖር ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጧቱ 2 ሰዓት ሞተር አይነሣም። በጠባቦቹ ቦዮች በሰዓት ከ4 ማይል፣ ማለት ከ6 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ በላይ መሄድ ክልክል ነው፤ የፈጣን ጀልባ ማዕበል ዳርቻውን ይንዳል፤ የታሰሩትንም ጀልባዎች ካስማ ይነቅላልና።

4ኛ፤ ቀን ተቈጥሮ መንገድ ስላልተቈጠረበት ሕግ

አንባቢው ልብ ሊለው የሚገባው ዋና ነገር ይህ ነው። የ1995 ዓ. ም. ሕግ ባለጀልባው በአንድ ስፍራ የሚቆምበትን ቀን ቈጠረ፤ ነገር ግን ሲነሣ ምን ያህል መንገድ መሄድ እንዳለበት አልቈጠረም። «አንድ ስፍራ» የሚባለውም ከየት እስከ የት እንደሆነ አልለካም።

እንግዲህ አንድ ሰው በከተማ ተቀጥሮ ይሠራል እንበል፤ ልጁ በዚያው ከተማ ትምህርት ቤት ይማራል። የቤት ኪራይ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ጀልባ ገዝቶ ይኖርበታል። በ14ኛው ቀን ተነሥቶ ጥቂት ይሄዳል፤ ዳግመኛም በ14 ቀኑ ወደ ነበረበት አቅራቢያ ይመለሳል። እርሱ «ሕጉ እንዳዘዘኝ ቀኔን ጠብቄ ተነሥቻለሁ» ይላል። ሹሙ ደግሞ «ይህ ወዲያና ወዲህ ማለት እንጂ ጉዞ አይደለም» ይላል። ሁለቱም የሚጠቅሱት አንዱን ሕግ ነው።

ክርክሩ ወደ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2011 ዓ. ም. በብሪስቶል የተቀመጠ ዳኛ፣ 10 ማይል በሚያህል መንገድ ውስጥ እየተመላለሰ የሚኖር ባለጀልባ ጀልባውን በእውነት ለጉዞ ተጠቅሞበታል ሊባል እንደማይችል ፈረደ። በ2015 ዓ. ም. ደግሞ ማኅበሩ፣ በፈቃዱ ዘመን ውስጥ የጉዞው ስፋት ከ15 ወይም ከ20 ማይል ያነሰ ሰው ግዴታውን ፈጽሟል ለማለት እንደሚያስቸግር አስታወቀ። ይህ ግን የማኅበሩ አስተያየት ነው እንጂ በሕጉ የተጻፈ ልክ አይደለም፤ ስለዚህ ክርክሩ አላለቀም። ሕጉ ከወጣ እስከዚያ 20 ዓመት አልፎ ነበር፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ባለጀልባው ስንት ማይል ቢሄድ ከቤቱ እንደማይነቀል በእርግጥ ሳያውቅ ኖረ።

ቅጣቱም ቀላል አይደለም። ማኅበሩ አካሄዱን ያልወደደለትን ሰው ፈቃዱን ለ6 ወር ብቻ ሊያድስለት፣ ወይም ሊከለክለው ይችላል። ያለፈቃድ የታሰረውን ጀልባ በ1983 ዓ. ም. በወጣው ሕግ መሠረት ከ28 ቀን የማያንስ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ከውኃው ሊያስነሣው፣ ወጪውንም ከባለቤቱ ሊያስከፍለው ይችላል። ጀልባው መኖሪያ ሲሆን ነገሩን አስቀድሞ ለዳኛ ማቅረብ ልማድ ሆኗል። ይህም ልማድ መልካም ነው፤ ለሹሙ ጀልባ የሆነው ነገር ለሰውዬው ጣራውና አልጋው ነውና።

5ኛ፤ ስለ ባለመሬቱ

የባለመሬቱ መብት በቦይና በወንዝ ልዩ ልዩ ነው። የቦዩ ወለል አብዛኛውን ጊዜ የማኅበሩ ስለሆነ፣ መሬቱ ከቦዩ ጋራ የሚዋሰን ሰው እንኳ ከአትክልቱ ጫፍ ጀልባ ለማቆየት ከማኅበሩ ጋራ ተዋውሎ ይከፍላል። የባሕር ሞገድ በማይደርስበት ወንዝ ግን፣ ሌላ ማስረጃ ካልተገኘ፣ በዳርቻው መሬት ያለው ሰው የወንዙም ወለል እስከ መካከሉ ድረስ የእርሱ እንደሆነ ይገመታል። ሕዝብ በወንዙ የመሄድ መብት ቢኖረውም፣ ይህ መብት በጉዞ መካከል ለጊዜው መቆምን እንጂ በሰው ዳርቻ መክረምን አይጨምርም። ባለመሬቱም በበኩሉ ዳርቻው የእርሱ ስለሆነ ብቻ የውኃውን መንገድ ሊዘጋ አይችልም።

6ኛ፤ ለእኛ የሚሆነው ትምህርት

ስፍራንና ዘመንን ለክቶ መጻፍ በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሜይ 15 ቀን 1902 ዓ. ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ ባደረጉት ውል፣ ለሱዳን መንግሥት በባሮ ወንዝ ዳር በኢታንግ አቅራቢያ የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት በኪራይ እንዲሰጥ ሲፈቅዱ፣ በወንዙ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ ተጻፈ። ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አገዛዝ ሥር እስካለ ድረስ ብቻ እንዲጸና፣ ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ሥራ እንዳይውል ተጻፈ። ጣቢያውም ኋላ በጋምቤላ ቆመ። ሱዳን በ1956 ዓ. ም. ነፃ ስትወጣ የኪራዩ ዘመን የሚያበቃበት አስቀድሞ የታወቀ ነበር። ልኩ፣ ሥራውና ፍጻሜው የተጻፈ ውል ይህን ይመስላል።

ስለዚህ በጣና፣ በዓባያ፣ በጫሞ ወይም በባሮ ዳር ያለ ሹም ስለ ጀልባ ደንብ ሲያወጣ እነዚህን ቢያስብ መልካም ነው።

ሀ. ጀልባው ሁሉ በቍጥር ይመዘገብ፤ ቍጥሩም ከሩቅ የሚታይ ይሁን። የደንገል ታንኳና ባለሞተር ጀልባ ግን በአንድ ሚዛን አይመዘኑ፤ ለዓሣ አጥማጁና ለእንጨት ነጋዴው ድኻ የሚሆነው ክፍያ ለባለሞተሩ ከሚሆነው ይለይ።

ለ. ፈቃድ ገንዘብ መሰብሰቢያ ብቻ አይሁን፤ አስቀድሞ ጀልባው ሰው የማያሰጥም መሆኑ ይመርመር።

ሐ. ጀልባ የሚታሰርበትና የማይታሰርበት ስፍራ በምልክት ይለይ። ከብት የሚጠጣበት፣ ሕዝብ ውኃ የሚቀዳበትና ዓሣ የሚራባበት ዳርቻ ይጠበቅ።

መ. የመቆሚያው ቀን ሲወሰን፣ ሲነሣ የሚሄድበትም ርቀት አብሮ ይወሰን። ቀን ብቻ የቈጠረ ደንብ ክርክር ይወልዳል።

ሠ. ለታመመ፣ ሞተሩ ለተሰበረና ማዕበል ለያዘው ሰው የሚራዘመው ጊዜ በደንቡ ይጻፍ። ምሕረት በሹሙ ደስታ ብቻ የሚገኝ ከሆነ ወደ ጕቦ ይለወጣል።

ረ. ያለማስጠንቀቂያ አይቀጣ፤ የሰው መኖሪያ የሆነ ጀልባም ያለዳኛ ፍርድ አይነሣ።

በአገራችን አንድ ሰው «በሕግ አምላክ» ሲባል ባለበት ቀጥ ብሎ የመቆም ልማድ አለው። ይህ ክብር ለሕግ የተሰጠው ሕግ ለሚታዘዘውም ሰው ጋሻ ስለሆነ ነው። እንግዲህ ሕግ አውጪው ባለጀልባውን «ተነሥ» ሲለው፣ የት ድረስ እንደሚሄድና መቼ ሊመለስ እንደሚችል አብሮ ይንገረው።